ባትሪው እስከ የት ያደርሳል?

በቤንዚን ሞተር ታንኳ የሚነዳ ሰው ነዳጁ ምን ያህል እንደ ቀረው ለማወቅ ቢፈልግ፣ በማጠራቀሚያው ውስጥ እንጨት ነክሮ ይለካል። ባትሪ ግን ሲሞላም ሲያልቅም ክብደቱ ያው፣ መልኩም ያው ነው። ስለዚህ በኤሌክትሪክ ሞተር ወደ ሐይቅ መካከል የሚወጣ ሰው ከዳር ሳይርቅ በወረቀት ላይ ማስላት አለበት፤ ነፋስ ተነሥቶ ሞተሩ ከቆመ በኋላ የሚደረግ ሒሳብ ከመቅዘፍ አያድንም።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በሩሲያ አገር ይኖር የነበረው ጀርመናዊ መሐንዲስ ሞሪትዝ ያኮቢ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1838 ዓ.ም. በሴንት ፒተርስበርግ ከተማ፣ በኔቫ ወንዝ ላይ፣ ከአሥር የሚበልጡ ሰዎች የጫነች ጀልባ በኤሌክትሪክ ኃይል አስኬደ። ጀልባይቱስ ሄደች፤ ነገር ግን ባትሪው በውስጡ ያለውን ዚንክ እየበላ የሚሠራ ስለ ነበረ ወጪው የሚቻል አልሆነም። መንገዱ የተከፈተው ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ በ1859 ዓ.ም. እንደ ገና ሊሞላ የሚችለውን የእርሳስ ባትሪ ከሠራ በኋላ ነው። ዛሬ በመኪና ውስጥ የምናየው የእርሳስ ባትሪ የዚያ ዘር ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። በባትሪው ላይ «12 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት» ተብሎ ተጽፏል እንበል። ሞተሩ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ 40 አምፔር ይወስዳል። ተማሪ ሁሉ 100ን ለ40 አካፍሎ «ሁለት ሰዓት ተኩል» ይላል። ማካፈሉ ትክክል ነው፤ መልሱ ግን ስሕተት ነው። ፋብሪካው 100 ብሎ የጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ባትሪው 5 አምፔር ብቻ እየሰጠ በ20 ሰዓት ውስጥ ቀስ ብሎ ሲያልቅ ነው። በችኮላ ሲወሰድበት ግን በእርሳሱ ቀዳዳዎች ውስጥ ያለው አሲድ ቶሎ ይደክማል፤ ከውጭ ያለውም በጊዜው ገብቶ ሊተካው አይችልም። ይህን ቪልሄልም ፖይከርት የተባለ ጀርመናዊ በ1897 ዓ.ም. በቀመር አስቀመጠው። ለመካከለኛ ባትሪ በሚስማማ ቁጥር ብናሰላው፣ ሁለት ሰዓት ተኩል የተባለው 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ያህል ሆኖ ይገኛል። በዚህም አላበቃም። የእርሳስ ባትሪ ዘወትር ከግማሽ በታች እየተሟጠጠ ሲሠራበት ዕድሜው ስለሚያጥር፣ ጠንቃቃ ሰው ግማሹን ብቻ ይቆጥራል። እንግዲህ በእጃችን የቀረው 50 ደቂቃ ነው!

ይህ ተስፋ የሚያስቆርጥ ይመስላል፤ መድኃኒቱ ግን በነጂው እጅ ነው። ውሃ ለፍጥነት የሚያስከፍለው ዋጋ ከባድ ነው፤ የታንኳይቱ ፍጥነት እጥፍ እንዲሆን ኃይሉ ስምንት እጥፍ ያህል መሆን ይገባዋል። ግልባጩም እንዲሁ ነው። የሚወሰደውን ኃይል ወደ ሩቡ፣ ይኸውም ወደ 10 አምፔር ብናወርደው፣ በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ትሄድ የነበረች ታንኳ ወደ 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ትሄዳለች። ያው ግማሽ ባትሪ ደግሞ ከ4 ሰዓት በላይ ይሠራል። በሙሉ ኃይል 5 ኪሎ ሜትር ብቻ ያደርስ የነበረው አሁን 16 ኪሎ ሜትር ያህል ያደርሳል ማለት ነው። ሁለተኛ ባትሪ ለመግዛት የሚቸኩል ሰው አስቀድሞ ይህን ቢሞክር ይሻለዋል።

ስንቁን እኩል ከፍሎ፣ እኩሌታውን ለመሄጃ እኩሌታውን ለመመለሻ የሚያደርግ ሰው በወንዝ ላይ ይታለላል። ታንኳይቱ በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር የምትሄድ፣ ወንዙም 1 ኪሎ ሜትር ተኩል የሚፈስ ቢሆን፣ ቁልቁል 2 ሰዓት የነዳ ሰው 11 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ሽቅብ ሲመለስ ግን በሰዓት የሚያተርፈው 2 ኪሎ ሜትር ተኩል ብቻ ስለ ሆነ 4 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ ባትሪው ደግሞ ይህን አልተሰነቀም። ስለዚህ የለመዱት ሰዎች መጀመሪያ ሽቅብ ይወጣሉ፤ በሐይቅም ነፋሱን ፊት ለፊት ተቀብለው ይጀምራሉ። (ነፋስ ግን እንደ ወንዝ ታማኝ አይደለም፤ ከቀትር በኋላ ፊቱን ሊያዞር ይችላል።)

የቮልት መለኪያስ? ሞተሩ እየሠራ ሳለ የሚነበበው ቁጥር ያታልላል። ባትሪው ሰዓታት ያህል ካረፈ በኋላ 12.7 ቢያሳይ ሙሉ ነው፤ 12.2 ቢያሳይ ግማሹ ያህል ሄዷል። ስለዚህ መለኪያው ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው የትናንቱን ሒሳብ ለማረም ነው። የሊትየም ባትሪ ያለው ሰው ከዚህ ሁሉ ጭንቀት ብዙው ይቀርለታል፤ 40 አምፔር ቢወሰድበትም የተጻፈበትን ያህል ለመስጠት ጥቂት ብቻ ይጎድለዋል። ዋጋው ግን ከእርሳሱ ይልቃል።

ትልልቆቹም መርከቦች ከዚህ ሒሳብ አላመለጡም። በ2015 ዓ.ም. በኖርዌይ አገር «አምፔር» የተባለች የኤሌክትሪክ መርከብ፣ በላቪክና በኦፔዳል መካከል ወደ 6 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን ውሃ መኪናና ሰው ጭና በ20 ደቂቃ መሻገር ጀመረች። ባትሪዋ 1,000 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል የሚይዝ ነበር። ነገር ግን የመንደሮቹ የኤሌክትሪክ መሥመር መርከቢቱን በጥቂት ደቂቃ ለመሙላት አቅም ስላልነበረው፣ በሁለቱም ወደቦች ሌላ ባትሪ ተተከለ። መርከቢቱ ማዶ ሳለች የወደቡ ባትሪ ቀስ ብሎ ይሞላ ነበር፤ መኪኖቹ ወርደው ሌሎቹ እስኪገቡ ድረስም ያጠራቀመውን ያካፍላት ነበር።