የአሮጌ አውቶሞቢል የፊት መስተዋት በካርቱም ሁለት

አውቶሞቢልን በሰው አካል ብንመስለው፥ ሞተሩ ልቡ፥ የፊት መስተዋቱም ዓይኑ ነው። ሰው ሁሉ ስለ ሞተሩ ሲጨነቅ ይታያል፤ ስለ መስተዋቱ የሚያስበው ግን ከተሰበረ በኋላ ነው። በተለይም 40 ወይም 50 ዓመት ያገለገለ አውቶሞቢል መስተዋቱ የተሰበረ እንደ ሆነ፥ ፋብሪካው ያንን ዐይነት መሥራት ካቆመ ብዙ ዘመን ሆኖታልና፥ ባለ ንብረቱ ከሁለት መጥፎ ነገሮች አንዱን ለመምረጥ ይገደዳል። ወይ ደኅና ሞተር ያለውን መኪና ይጥላል፤ ወይም ለቤት መስኮት የተቈረጠ ተራ መስተዋት አስገብቶ ሕይወቱን ለአደጋ ያጋልጣል። ሦስተኛ መንገድ መኖሩን ማስረዳት የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው።

ካርቱም ሁለት ከጥንቱ የከተማ መሐል በስተ ደቡብ የሚገኝ ሰፈር ነው። ከእርሱ ብዙ ሳይርቅ ደይም የተባለው ሰፈር ደግሞ ብዙ ሐበሾች እንጀራ እየጋገሩና ቡና እያፈሉ የኖሩበት ነው። በ2023 ዓ.ም. አፕሪል 15 ቀን (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው) በሱዳን ጦር ኃይልና ፈጣን ድጋፍ ሰጪ በተባለው ጦር መካከል ውጊያ በተነሣ ጊዜ፥ ነዋሪው ቤቱን እየጣለ ተሰደደ፤ ከሐበሾቹም ብዙዎቹ በገላባትና በመተማ በኩል ወጡ። ከአውቶሞቢሎቹ ከፊሎቹ ተዘረፉ፤ ከፊሎቹም ዕቃቸው ተፈትቶ፥ መስተዋታቸው ረግፎ በየበሩ ቀሩ። የጦር ኃይሉ በ2025 ዓ.ም. በማርች ወር ቤተ መንግሥቱንና አይሮፕላን ማረፊያውን መልሶ ከያዘ በኋላ ወደ ቤቱ ለተመለሰ ሰው፥ በግቢው የቆመው አሮጌ መኪና እንደ ትዝታ የሚታይ ዕቃ ሳይሆን እንጀራ የሚያበላ ሀብት ነው።

ሱዳን ከ1899 እስከ 1956 ዓ.ም. በእንግሊዝና በግብፅ የጋራ አገዛዝ ሥር ስለ ነበረች፥ በመንገዶቿ ላይ የእንግሊዝ ሥራ በርክቶ ነበር። ቤድፎርድ የተባለው የጭነት መኪና ሸቀጥና መንገደኛ በአሸዋው ላይ ሲያመላልስ ኖረ፤ ላንድሮቨርም የሹማምንት መጓጓዣ ሆነ። ከዚያም ወዲህ ቢጫ የተቀቡት የቶዮታ ኮሮና ታክሲዎች ከተማውን ሞሉት። አሜሪካ ከ1997 እስከ 2017 ዓ.ም. ድረስ በአገሪቱ ላይ ያኖረችው የንግድ እገዳ የገንዘብ ማስተላለፉን ሥራ ስላከበደው፥ የካርቱም መካኒክ ያለውን አብቃቅቶ መሥራትን በግድ ተማረ። ይህ ብልኀት የሚያስመሰግነው ነው፤ በመስተዋት ነገር ግን ብልኀት ብቻ አይበቃም፤ ዕውቀት ያስፈልጋል።

በ1903 ዓ.ም. ኤድዋር ቤኔዲክቱስ የተባለ ፈረንሳዊ የኬሚስትሪ ሊቅ ከመደርደሪያ ላይ አንድ የመስተዋት ዕቃ ቢወድቅበት፥ መስተዋቱ ተሰነጣጠቀ እንጂ ሳይበታተን ቀረ። ምክንያቱን ሲመረምር፥ በውስጡ የነበረው የሴሉሎስ ፈሳሽ ደርቆ እንደ ቀጭን ቆዳ ስብርባሪውን ይዞት አገኘው። በአውቶሞቢል ግጭት ጊዜ ሰዎች በመስተዋት ስብርባሪ እንደሚቈረጡ ያውቅ ስለ ነበር፥ በሁለት መስተዋት መካከል እንዲህ ያለ ሽፋን አጣብቆ በ1909 ዓ.ም. የፈጠራ መብት አወጣበት። ስሙንም ትሪፕሌክስ አለው፤ ሦስት እጥፍ ማለት ነው። የመጀመሪያው ሽፋን በፀሐይ ብዛት ቢጫ እየሆነ ስላስቸገረ፥ በ1930ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ዛሬም በሚሠራበት የፕላስቲክ ሽፋን ተተካ።

ከዚህ ሌላ በእሳት የጠነከረ መስተዋት አለ። ይህኛው ከ600 ዲግሪ በላይ ከጋለ በኋላ በነፋስ በድንገት ስለሚቀዘቅዝ ጥንካሬ ያገኛል፤ ሲሰበር ግን በአንድ ጊዜ እንደ ጨው ይረግፋል። ከመርገፉም በፊት ሁለንተናው ተሰነጣጥቆ ስለሚነጣ፥ ነጂው በሩጫ ላይ ሳለ መንገዱ ይጠፋበታል። ከጠነከረ በኋላም ሊቈረጥና ሊበሳ አይችልም። ስለዚህ ለፊት መስተዋት የሚመረጠው ባለ ሽፋኑ ነው። በ1981 ዓ.ም. በጸናው በ43ኛው የተባበሩት መንግሥታት ደንብ መሠረት የተሠራ ባለ ሽፋን የፊት መስተዋት በማዕዘኑ ላይ የሮማ ቍጥር ሁለት ተጽፎበታል፤ ገዢው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ይህን ምልክት ይመልከት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። የአሮጌ መኪና መስተዋት ወይ ዝርግ ነው፥ ወይ ጐባጣ። የጥንቱ ላንድሮቨር መስተዋት ሁለት ዝርግ ክፍል ነው፤ ከ1948 እስከ 1956 ዓ.ም. የተሠራው ሞሪስ ማይነርም እንዲሁ ነው። እንዲህ ያለውን ማንኛውም ጥሩ የመስተዋት ሠራተኛ ባለ ሽፋን ዝርግ መስተዋት ገዝቶ፥ በካርቶን በተወሰደ ልክ ሊቈርጠው ይችላል። ከ1956 ዓ.ም. ወዲህ የወጣው ሞሪስ ማይነር 1000 ግን ጐባጣ መስተዋት አለው፤ ይህን በምድጃ በቅርጽ ላይ አጕብጦ የሚሠራ ፋብሪካ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ባለ ንብረቱ አስቀድሞ የመኪናውን ዓመተ ምሕረት በትክክል ይወቅ። የቮልስዋገኑ ትንሽ መኪና እንኳ ከውጭ ሲያዩት ያው ቢመስልም፥ ለ1958 እና ለ1965 ዓ.ም. በወጡት ሞዴሎች መስተዋቱ ሰፍቷል፤ የአንዱ ለሌላው አይሆንም።

የአገጣጠሙ ሥርዓት እንዲህ ነው። በመጀመሪያ የደረቀው አሮጌ ላስቲክ በምላጭ እየተቈረጠ ይወጣል እንጂ በካቻቢቴ አይፈነቀልም። በዳሽቦርዱ የነፋስ መውጫ ውስጥ የገባው ስብርባሪም ተጠርጎ ይወጣል፤ ካልወጣ ነፋሱ ሲከፈት በነጂው ዓይን ላይ ይበተናልና።

ሁለተኛ፥ መስተዋቱ የሚያርፍበት የላሜራ ከንፈር በደንብ ይመረመራል። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ዝገቱን ሳይፍቅ አዲስ ላስቲክ ቢያለብሰው፥ ውሃው ከሥር እየሰረገ ላሜራውን ይበላዋል። ከንፈሩም የተጣመመ እንደ ሆነ መስተዋቱ በአንድ ወገን ብቻ ስለሚጨነቅ፥ ከሳምንታት በኋላ ማንም ሳይነካው ይሰነጠቃል፤ ባለ ንብረቱም ጥፋቱን በነጋዴው ላይ ይጥላል። ስለዚህ ባትላሜራው ያቅናው፤ አንቲሩጂኔ ይቀባ፤ ቀለሙም ፈጽሞ ይድረቅ። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለዚህ ነው።

ሦስተኛ፥ አዲሱ ላስቲክ በመስተዋቱ ዙሪያ ይለበሳል። ላሜራው በሚገባበት ቦይ ውስጥ ጠንካራ ሲባጎ ዙሪያውን ይቀበርና ሁለቱ ጫፎች ከታች ወደ ውስጥ ይንጠለጠላሉ። የሳሙና ውሃ ይቀባል፤ ዘይት ወይም ቤንዚን ግን ላስቲኩን ስለሚያበላሸው አይነካም። ከዚያ አንዱ ሠራተኛ ከውጭ በመዳፉ ቀስ እያለ ሲገፋ፥ ሌላው ከውስጥ ሲባጎውን ይስባል፤ የላስቲኩም ጠርዝ ላሜራውን እየዘለለ በየቦታው ይቀመጣል። ሁለቱ ሰዎች መግባባት አለባቸው፤ አንዱ ቢቸኩል መስተዋቱ በእጃቸው ላይ ይቀራል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ። በመጨረሻ ውሃ ተርከፍክፎበት መግባት አለመግባቱ ይታያል።

በካርቱም ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት ወራት ይህ ሥራ በማለዳ፥ በጥላ ሥር ቢሆን ይሻላል። ሐቡብ የተባለው የአቧራ ማዕበልም መስተዋቱን እንደ ሞረድ ይፍቀዋል። በአቧራ ላይ መጥረጊያውን በደረቁ ማስነሣት አዲሱን መስተዋት በአጭር ጊዜ ያደበዝዘዋል፤ አስቀድሞ በውሃ ማጠብ ይገባል።

ነገሩ ለሱዳን ብቻ አይደለም። በአሥመራ ፊያት ሰይቼንቶ፥ በአዲስ አበባም ቮልስዋገን የብዙ ቤተ ሰብ ሀብት ሆነው ኖረዋል። ኢትዮጵያ በ2020 ዓ.ም. ባወጣችው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ከውጭ ማስገባት እጅግ ውድ ሆኗል፤ በ2024 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ የማይሠራ የቤት አውቶሞቢል ማስገባት መከልከሉ ተገልጿል። ስለዚህ በአገር ውስጥ ያለውን መጠበቅ የኢኮኖሚ ግዴታ ሆኗል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለሁለት ወገን ነው። ነጋዴው መስተዋት ሲያስመጣ ዓመቱንና ቅርጹን ለይቶ ይዘዝ፤ በጕዞም መስተዋቱ ተጋድሞ ሳይሆን በጠርዙ ቆሞ እንዲጫን ያድርግ፤ ዝርጉንም ባለ ሽፋን መስተዋት አብዝቶ ያስቀምጥ። አስተዳዳሪው ደግሞ የመኪና ምርመራ ሲያስደርግ ፍሬንና መብራት ብቻ ሳይሆን የመስተዋቱንም ዐይነት ያስመርምር። የቤት መስኮት በመኪና ፊት ተገጥሞ ሲያገኝ ቅጣት ጽፎ ብቻ ማለፍ አይበቃም፤ ትክክለኛው ከየት እንደሚገኝ ባለ ንብረቱን ያመልክተው። በካርቱም ሁለት ከፍርስራሹ መካከል የሚነሣው አሮጌ መኪና መንገዱን አጥርቶ እያየ ቢሄድ፥ ጥቅሙ ለነጂው ብቻ ሳይሆን በመንገዱ ዳር ለሚሄደው እግረኛ ሁሉ ነው።