የደም ቧንቧ ሲቲ ስካን፦ ተረቱና እውነታው

ከሮቤ አዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሪፈር ተጽፎለት ይህን መንገድ የሚጓዝ የባሌ ሕመምተኛ ገንዘቡም ጊዜውም ለድጋሚ ምርመራ አይተርፍም። አኦርታ የሚባለው ትልቁ ደም ቅዳ ሲያብጥ ወይም ግድግዳው ሲሰነጠቅ ጉዳቱን ቁልጭ አድርጎ የሚያሳየው የደም ቧንቧ ሲቲ ስካን ነው። በምርመራው ዙሪያ የሚነገረው ሁሉ ግን እውነት አይደለም።

ተረት፦ «ድንገተኛ የደረትና የጀርባ ውጋት ብርድ ነው።»

እውነታ፦ የሮቤና የጎባ ደጋ ብርዱ የታወቀ ስለሆነ ውጋት ሁሉ በእሱ ይሳበባል። እርግጥ ብዙው ውጋት የጡንቻ ነው። በድንገት ተነስቶ ከመነሻው እጅግ የከፋ፣ ከደረት ወደ ጀርባ የሚተረትር ሕመም ግን የአኦርታ መሰንጠቅ ሊሆን ይችላል። የአኦርታ ግድግዳ ሦስት ንብርብር አለው፤ የውስጠኛው ሲቀደድ ደም በንብርብሮቹ መሃል ሰርጎ ይለያያቸዋል። ስንጥቁ ወደ ልብ በቀረበው ክፍል ላይ ከሆነና ካልታከመ፣ በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት በየሰዓቱ ከ100 ሕመምተኞች 1 ወይም 2 እንደሚሞቱ የሕክምና መጻሕፍት ያስተምራሉ። እንዲህ ያለ ሕመም በመታሸትና በዝንጅብል አይታለፍም፤ ወዲያውኑ ወደ ጎባ ሪፈራል ወይም በአቅራቢያ ወዳለ ሌላ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

ተረት፦ «ይህ የከተማ ሰውና የሽማግሌ በሽታ ነው።»

እውነታ፦ ለአኦርታ መሰንጠቅ ዋናው መንስኤ ከፍተኛ የደም ግፊት ነው። ደም ግፊት ደግሞ ገበሬና ነጋዴ አይለይም፤ ቀኑን ሙሉ ሲያርስ የሚውል ሰውም ሳያውቀው ለዓመታት ሊኖርበት ይችላል። ወጣቶችም ነጻ አይደሉም። ታካያሱ የተባለው የደም ቅዳ ብግነት በብዛት የሚይዘው ከ40 ዓመት በታች ያሉ ሴቶችን ነው፤ ቧንቧውን እያጠበበ የእጅ ትርታን እስከማጥፋት ይደርሳል። የመኪና አደጋም ጤነኛውን አኦርታ ሊቀድ ይችላል።

ተረት፦ «ሲቲ ስካን ሁሉ አንድ ነው፤ አንዴ ከተነሱ በቃ።»

እውነታ፦ ሰውን ለከንቱ ወጪ የሚዳርገው ይህኛው ነው። በተራ ሲቲ ስካን ላይ ደሙና የቧንቧው ግድግዳ ተቀራራቢ ቀለም ስላላቸው ስንጥቁ ሊሰወር ይችላል። ለደም ቧንቧ ምርመራ አዮዲን ያለበት ኮንትራስት የተባለ መድኃኒት በክንድ ደም መልስ ይሰጥና፣ መድኃኒቱ አኦርታ በደረሰበት ቅጽበት ማሽኑ ያነሳል። ሰዓቱ ከተሳተ ምስሉ ይደበዝዛል። ስለዚህ በሪፈሩ ላይ የትኛው የሰውነት ክፍል እንደሚነሳ፣ በኮንትራስት መሆኑና ሐኪሙ የጠረጠረው ነገር መጻፍ አለባቸው። የሆድ አኦርታ እብጠትን ለመለየትና ለመከታተል ግን ብዙ ጊዜ አልትራሳውንድ ይበቃል።

ተረት፦ «ከሲቲ ስካን የሚወጣው ባለ ሦስት አውታር ምስል የውስጥ ፎቶግራፍ ነው፤ ማሽኑ በሽታውን ራሱ ይናገራል።»

እውነታ፦ እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ የሠራው ማሽን እ.ኤ.አ. በ1971 ለንደን ውስጥ የመጀመሪያዋን ሕመምተኛ አንጎል ሲያነሳ፣ ውጤቱ ጠፍጣፋ ምስል ነበር። የዛሬዎቹም ማሽኖች መነሻቸው ያው ነው፤ ሰውነትን እንደ ድፎ ዳቦ በስስ በስሱ ይቆርጡና ኮምፒውተሩ ቁራጮቹን መልሶ ገጣጥሞ ባለ ሦስት አውታሩን ምስል ይሠራል። በምስሉ ላይ ቧንቧው ቀይ ሆኖ የሚታየውም ቀለሙን ኮምፒውተሩ ስለሰጠው ነው። ምስሉ ቀዶ ሐኪሙ እብጠቱ ከየት እስከ የት እንደሆነና ወደ ኩላሊት የሚሄዱት ቅርንጫፎች ምን ያህል እንደሚቀርቡት እንዲያይ ይረዳዋል። የራዲዮሎጂ ሐኪሙ ግን ፍርዱን የሚሰጠው ቁራጮቹን አንድ በአንድ አይቶ ነው። እብጠት ተገኘ ማለትም ሁልጊዜ ቀዶ ጥገና ማለት አይደለም። የሆድ አኦርታ 3 ሴንቲ ሜትር ሲሞላ አብጧል ይባላል፤ በወንዶች ቀዶ ጥገና የሚታሰበው በአብዛኛው 5.5 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ነው።

ተረት፦ «መድኃኒቱ ኩላሊት ይገድላል፤ ጨረሩም ሰውነት ውስጥ ይቀራል።»

እውነታ፦ ኮንትራስቱ ሲገባ መላ ሰውነት ይሞቃል፤ ስሜቱ ወዲያው ያልፋል። ኩላሊቱ ጤነኛ የሆነ ሰው መድኃኒቱን በሽንት ያስወግደዋል። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ግን ጥንቃቄ ስለሚያስፈልገው አስቀድሞ የኩላሊትን አቅም የሚያሳየው የክሬቲኒን ምርመራ ይደረግለታል። ጨረሩ ምርመራው ሲያበቃ ያበቃል፤ ሆኖም መጠኑ ከአንድ የደረት ራጅ በብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ ያለ ምክንያት መደጋገም አይገባም። እርግዝና፣ የስኳር መድኃኒት ወይም ከዚህ በፊት የደረሰ አለርጂ ካለ አስቀድሞ መናገር ግዴታ ነው።

ከሮቤ ሳይነሱ ሐኪምዎን «በኮንትራስት ነው? የትኛው ክፍል ነው?» ብለው ይጠይቁ። የክሬቲኒን ውጤትዎንና የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ይዘው ይሂዱ፤ ሲመለሱም ከጽሑፍ ውጤቱ ጋር ምስሉ ያለበትን ሲዲ ይቀበሉ። ሕመም የሌለብዎም ቢሆኑ ግፊትዎን ይለኩ፤ ትልቁን ደም ቅዳ ለመጠበቅ ከዚህ የረከሰ መንገድ የለም።