መብላት ሲችል የሚጠብቅ አንበሳ

ተበላ በወላይታ ምድር፣ በሑምቦ ወረዳ፣ ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ያለች ከተማ ናት። ስሟን አስቀድሞ የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ እንግዳ በሰማ ጊዜ፣ «ማን ተበላ? ምንስ በላው?» ብሎ ቢጠይቅ አያስደንቅም። ለአገሩ ሰው ግን ይህ የስፍራ ስም ነው እንጂ የመበላት ወሬ አይደለም። ቢሆንም የእንግዳው ጥያቄ ለዛሬው ትምህርታችን መግቢያ ይሆነናል። በዱር አጠገብ ከብት የሚጠብቅ ልጅ ሁሉ ከአራዊት የሚፈራው አንድ ነገር ነውና፤ ይኸውም መበላት ነው። ማታ ከብቱን ቈጥሮ ማስገባት፣ በሩንም አጥብቆ መዝጋት የተለመደው ስለዚህ ነው።

እንግዲህ ልጆች ሆይ፣ አንድ ነገር እንጠይቅ። ለልጆች ተረት የሚጽፉ ሰዎች ደካማውን የሚጠብቅ ጥበበኛ እንስሳ ሲፈልጉ፣ ብዙ ጊዜ በግን ወይም ርግብን ትተው አንበሳን ይመርጣሉ። የሚበላውን አውሬ ጠባቂ ማድረጋቸው ስለ ምንድን ነው? በግ የዋህ አይደለምን? ርግብስ ንጹሕ አይደለችምን? የዚህን ጥያቄ መልስ ያገኘ ልጅ፣ ኀይል ምን እንደ ሆነና ለምን እንደ ተሰጠ ያውቃል።

አስቀድመን በአገራችን የተነገረውን እንመልከት። በሰኔ 1997 ዓ.ም. በከፋ ምድር፣ በቢታ ገነት አጠገብ፣ አንዲት የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ተጠልፋ እንደ ነበረ ፖሊስ ተናገረ፤ ወሬውም በብዙ አገር ጋዜጦች ታተመ። ሰባት ሰዎች በግድ ሊያጋቧት ፈልገው ወሰዷት፤ አንድ ሳምንት ያህልም ይዘው ደበደቧት። ፖሊሶችና ዘመዶችዋ ባገኟት ጊዜ ግን ከሰዎቹ ጋር አልነበረችም፤ ሦስት አንበሶች ጠላፊዎቹን አባረው እርስዋን ይጠብቋት ነበር ተባለ። አንበሶቹም ግማሽ ቀን ያህል ከእርስዋ ጋር ቈይተው፣ ፈላጊዎቹ ሲደርሱ ምንም ሳይነኳት ተነሥተው ወደ ዱር ገቡ። ስለ አራዊት የተማሩ ሰው ሲጠየቁ፣ የልጅቱ ልቅሶ የአንበሳ ግልገል ድምፅ መስሏቸው ይሆናል ብለው አስረዱ። ይህ ትርጓሜ እውነት ሊሆን ይችላል፤ አንበሳ በልቡ ያሰበውን የሚያውቅ ሰው የለምና። ነገር ግን ወሬውን የሰማ ሁሉ ሊያፍርበት የሚገባ ነገር አለ። ልጅቱን ሊጠብቁ የተገባቸው ሰዎች እንደ አውሬ በሆኑ ጊዜ፣ አውሬዎቹ እንደ ሰው ሆነው ተገኙ።

እንስሳ ሰውን ያከበረበት ታሪክ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በአብያተ ክርስቲያናት ሥዕል የዋልድባው አቡነ ሳሙኤል በአንበሳ ላይ ተቀምጠው፣ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስም በአንበሶችና በነብሮች ተከበው ይታያሉ። አቡነ አረጋዊም ወደ ደብረ ዳሞ አምባ የወጡት በዘንዶ ርዳታ እንደ ሆነ በትውፊት ይተረካል። በመጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ አንበሳ በሁለት ወገን ተጽፎ እናገኘዋለን። ሐዋርያው ጴጥሮስ በመጀመሪያው መልእክቱ በምዕራፍ 5 ዲያብሎስን የሚውጠውን በሚፈልግ አንበሳ ይመስለዋል። ዮሐንስ ግን በራእዩ በምዕራፍ 5 ክርስቶስን የይሁዳ ነገድ አንበሳ ብሎ ይጠራዋል። እንስሳው አንድ ነው፤ ኀይሉም አንድ ነው። ልዩነቱ ኀይሉ በሚውልበት ሥራ ነው። አንዱ ለመዋጥ ይዞራል፤ ሌላው ለማዳን ይነሣል።

ይህን ልዩነት ለልጆች በተረት ከገለጡት ጸሐፊዎች አንዱ ሲ. ኤስ. ሉዊስ ነው። ሉዊስ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1898 በአየርላንድ፣ በቤልፋስት ከተማ ተወለደ፤ በኦክስፎርድ፣ ኋላም በካምብሪጅ አስተማረ። በጕልማሳነቱ እግዚአብሔር የለም ብሎ ይኖር ነበር፤ በ1931 ግን ወደ ክርስትና እምነት ተመለሰ። ከ1950 እስከ 1956 ባሉት ዓመታት ናርኒያ ስለምትባል፣ እርሱ ራሱ በአሳቡ ስለ ፈጠራት አገር፣ ሰባት የልጆች መጻሕፍት አሳተመ። የዚያች አገር ጌታና ጠባቂ ታላቅ አንበሳ ነው፤ ስሙም አስላን ይባላል። ቃሉ በቱርክ ቋንቋ አንበሳ ማለት ነው። አሁን የዚህን አንበሳ ጠባይ አንድ በአንድ እንመርምር።

የመጀመሪያው ጠባዩ፣ ቸር መሆኑ ነው፤ ነገር ግን እንደ ቤት እንስሳ የለመደ አይደለም። ልጆቹ ስለ እርሱ ሲነገራቸው አንበሳ መሆኑን ሰምተው ደነገጡ፤ የማያሰጋ እንደ ሆነም ጠየቁ። ነጋሪዎቹም የሚያስፈራ መሆኑን አልሸሸጉም፤ ቸርነቱን ግን አረጋገጡላቸው። ብዙ ሰዎች ገሩን ሁሉ ቸር፣ የሚያስፈራውን ሁሉ ክፉ አድርገው ይቈጥራሉ። ይህ ስሕተት ነው። ጥርስ የሌለው ውሻ ባይነክስ ምን ምስጋና አለው? መንከስ አይችልምና። ባለ ጥርሱ ውሻ ግን የጌታው ሕፃን ጆሮውን ሲጐትተው ታግሦ ቢተኛ፣ ያ ትዕግሥት ይባላል። የአስላን ቸርነት ከድካም የመጣ ስላይደለ፣ ደካማ ሁሉ ሊጠጋበት ይችላል። በግ የዋህ ነው፤ ነገር ግን ጅብ በመጣ ጊዜ በግ በግን አያድንም። አንበሳው የተመረጠበት ምክንያት ይህ ነው።

ሁለተኛው ጠባዩ፣ ኀይሉን ስለ ሌላው ብሎ መተዉ ነው። ከአራቱ ልጆች ኤድመንድ የሚባለው፣ አንዲት ጠንቋይ ንግሥት በሰጠችው ጣፋጭ ተታልሎ ወንድሙንና እኅቶቹን ከዳ። በዚያ አገር ጥንታዊ ሕግ የከዳተኛ ሰው ደም ለጠንቋይዋ የተሰጠ ነበር። አስላን ሕጉን አላፈረሰም፤ ልጁንም በጕልበት አልነጠቀም፤ በልጁ ፈንታ ራሱን አሳልፎ ሰጠ እንጂ። በሌሊት ወደ ድንጋይ ገበታ ሄደ፤ ጠላቶቹም በገመድ አሰሩት፣ ጐፈሩን ላጩት፣ ዘበቱበት፣ ገደሉትም። ሱዛንና ሉሲ የሚባሉት ሁለቱ እኅትማማች ተሸሽገው እያለቀሱ አዩ። በነጋ ጊዜ ግን የድንጋዩ ገበታ ተሰብሮ፣ አንበሳውም ሕያው ሆኖ ተገኘ።

በእኛ አገር «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይባላል። ተረቱ ስለ ኅብረት እውነት ይናገራል። ይህ አንበሳ የታሰረው ግን ድር ስላበረበት አልነበረም፤ ቢፈቅድ ኖሮ አሳሪዎቹን ሁሉ በበተነ ነበር። ያሰረው የገዛ ፈቃዱ ነው። መብላት ሲችል ተበላ፤ የተበላውም ያ በደለኛ ልጅ እንዳይበላ ብሎ ነው።

ሦስተኛው ጠባዩ፣ የሚወዳቸውን መገሠጹ ነው። አራቪስ የምትባል የመኳንንት ልጅ ከቤትዋ ለመኰብለል ብላ አንዲትን ገረድ የእንቅልፍ መድኀኒት አጠጣቻት፤ ገረዲቱም በዚህ ምክንያት ተገረፈች። አራቪስ ግን ነገሩን ከምንም አልቈጠረችውም። በመንገድዋ ሳለች አንበሳ አሳደዳት፤ ጀርባዋንም በጥፍሩ ቧጠጣት። ቍስሉ የሚገድል አልነበረም፤ ሕመሙ ግን ከገረዲቱ ግርፋት ጋር እኩል ነበረ። ኋላም አስላን፣ የሌላውን ሥቃይ ታውቅ ዘንድ ይህን እንዳደረገ ገለጠላት። አብሯት ይጓዝ የነበረው ሻስታ የሚባል ልጅ ስለ እርስዋ ቍስል በጠየቀው ጊዜ ግን አስላን ምክንያቱን አልነገረውም፤ ለእያንዳንዱ የሚነግረው የራሱን ታሪክ ብቻ ነውና። እኛ የባልንጀራችንን ጥፋትና ቅጣት ለማወቅ እንቸኵላለን። ጥበበኛው ጠባቂ ግን ይገሥጻል እንጂ የአንዱን ነውር ለሌላው ወሬ አያደርግም።

አራተኛው ጠባዩ፣ ሁልጊዜ በዐይን አለመታየቱ ነው። አስላን ይመጣል፤ ይሄዳል፤ አንዳንድ ጊዜም ብዙ ዘመን ሳይታይ ይቀራል። ይህ ሻስታ የሚባለው ልጅ በመቃብር ስፍራ ብቻውን ባደረ ጊዜ አንዲት ድመት መጥታ አጽናናችው፤ ሊበሉት የቀረቡትን ቀበሮዎችም አንበሳ አባረራቸው። ልጁ በዚያች ሌሊት ጠባቂ ያለው አልመሰለውም ነበር። ድመቲቱም አንበሳውም አስላን እንደ ነበረ ያወቀው ከጥቂት ቀን በኋላ ነው።

የወላይታ ልጆች ይህን ለማስተዋል ሩቅ መሄድ አያስፈልጋቸውም። በ1920 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ደቡብ መውረድ የጀመሩት የሱዳን ኢንቴሪየር ሚስዮን መምህራን በሶዶ ተቀምጠው ወንጌልን አስተማሩ፤ ሕሙማንንም አከሙ። ኢጣልያኖች አገሩን በያዙ ጊዜ፣ በ1929 ዓ.ም.፣ መምህራኑ ከወላይታ ወጡ። በዚያን ጊዜ የተጠመቁት አማኞች ቍጥራቸው መቶ እንኳ አይሞላም ነበር። ከዚያ በኋላ መሪዎቻቸው ታሰሩ፤ ተገረፉም። ነገር ግን ኢጣልያኖች በ1933 ዓ.ም. ድል ከሆኑ በኋላ መምህራኑ ሲመለሱ፣ ጥቂቶቹ ብዙ ሺህ ሆነው ቈዩአቸው። የሚታየው መምህር በሄደ ጊዜ የማይታየው ጠባቂ አልሄደም ነበር።

ከዚህም ጋር የሚሄድ አንድ ነገር አለ። ሉሲ ከብዙ ጊዜ በኋላ አስላንን ባገኘችው ጊዜ ከቀድሞ ይልቅ ገዝፎ ታያት። እርሱም ይህ የሆነው እርስዋ በዕድሜ ስላደገች እንደ ሆነ ነገራት፤ ባደገች ቍጥር እርሱ የበለጠ ትልቅ ሆኖ ይታያታል። በሕፃንነታችን ትልቅ የመሰለን ኰረብታ ስናድግ ያንስብናል። እውነተኛ ነገር ግን አብረን ባደግን መጠን ይገዝፋል።

ነገር ግን ልጆች ሆይ፣ ይህን ሁሉ ስናወራ አንድ ነገር እንጠንቀቅ። ምሳሌ ምሳሌ ነው፤ አንበሳም ፍጡር ነው፤ ለፍጡር አይሰገድም። በ1955 በአውሮፓ አቈጣጠር አንዲት እናት፣ ልጅዋ ከኢየሱስ ይልቅ አስላንን የወደደ መስሎት እንደ ተጨነቀ ለሉዊስ ጻፈችለት። ሉዊስም፣ ልጁ በአስላን የወደደው ሥራና ቃል ኢየሱስ የሠራውና የተናገረው ስለ ሆነ፣ በእውነት የሚወደው ኢየሱስን ነው ብሎ መለሰላት። ጥሩ ምሳሌ እንደ መንገድ ነው፤ መንገድ ወደ ቤት ያደርሳል እንጂ ቤት አይሆንም።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ይጠቅመናል? ማንም ሰው ከእርሱ የሚያንስ አያጣም። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ለአንደኛ ክፍል ልጅ አንበሳ ነው። ታላቅ ወንድም ለታናሽ እኅቱ አንበሳ ነው። አባት በቤቱ፣ መምህር በክፍሉ፣ ዳኛም በወንበሩ እያንዳንዳቸው አንበሶች ናቸው። በከፋ ልጅቱን የጠለፉት ሰባት ሰዎች ጕልበት አላጡም ነበር፤ ያጡት ጕልበታቸውን የሚገዛ ልብ ነው። ጕልበት ለልጅ ሁሉ ሳይፈልገው ከዕድሜ ጋር ይመጣለታል። ጕልበቱን መግዛት ግን በትምህርትና በጸሎት፣ ዕለት ዕለትም በመለማመድ ይገኛል እንጂ ከዕድሜ ጋር ብቻውን አይመጣም።

የተበላ ልጆች የዚህን ምስክር በቅርብ ማየት ይችላሉ። የሑምቦ ተራራ ዛፉ ለማገዶና ለከሰል እየተቈረጠ ተራቍቶ፣ አፈሩም በጐርፍ እየታጠበ ነበር። ከ1998 ዓ.ም. በኋላ ግን የአገሩ ገበሬዎች፣ ወርልድ ቪዥን በተባለው ድርጅት ርዳታ፣ በማኅበር ሆነው 2,728 ሄክታር መሬት ከልለው ጠበቁ። ከለመለመው ዛፍ ብዙው አዲስ የተተከለ አይደለም፤ ከምድር በታች ሥሩ ሕያው ሆኖ የቀረው ጕቶ እንደ ገና አቈጠቈጠ እንጂ። መጥረቢያው ከሰዎቹ እጅ አልጠፋም፤ ክንዳቸውም አልዛለም። መቍረጥ ሲችሉ ጠበቁ፤ ተራራውም ልብሱን ለበሰ።

አንተም ልጅ፣ አንቺም ልጅ ሆይ፤ ዛሬ ከትምህርት ቤት ስትመለሱ ከእናንተ የሚያንስ ልጅ ብቻውን በመንገድ ታገኙ ይሆናል። እናንተን ባየ ጊዜ ይሸሻልን? ወይስ ወደ እናንተ ይጠጋል? የልባችሁን ጠባይ ከዚህ ታውቃላችሁ።