ፈታሹ የት ያድራል?

በአሜሪካ ከግዛት ግዛት እየተዘዋወሩ የጋዝ ቧንቧ የሚፈትሹ ባለሙያዎች ብዙዎቹ ቤታቸውን ከመኪናቸው ኋላ ይጎትታሉ። አልጋና ማብሰያ ያለበትን ተጎታች ሥራው ባለበት ከተማ ዳር አቁመው ሥራው እስኪያልቅ ይከርማሉ። የሚከፈላቸው የቀን አበል ለማቆሚያው ኪራይ ይውላል፣ የተረፈው ኪሳቸው ይገባል። ወለጋ የጋዝ ቧንቧ የለም፤ ጋዝ የምናውቀው ነቀምቴ ሱቅ በር ላይ በተደረደረ ሲሊንደር ነው። ያለን ረጅም መስመር የኤሌክትሪክ ነው። ተዘዋዋሪ ፈታሹም የእኛ ሙያ ሰው ነው፤ ነቀምቴን መነሻ አድርጎ ወደ አርጆ፣ ወደ ሻምቡ፣ ወደ ጊምቢ፣ ነጆና መንዲ፣ አልፎም እስከ ደምቢ ዶሎ በ15 እና በ33 ኪሎ ቮልት መስመር ሥር የሚመላለስ። ፊንጫ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኃይል የሚያመነጨው እዚሁ ወለጋ ውስጥ ነው፤ ማታ ማታ የሚጠፋብን መብራት ግን ብዙ ጊዜ ሰበቡ የመጨረሻዎቹ ኪሎ ሜትሮች ናቸው። ስለ ፈታሹ ደመወዝና ስለ መኪናው ብዙ ይባላል። እኔ የማነሳው ማንም ከቁም ነገር የማይቆጥረውን ነው፤ የት ያድራል? ፍተሻው ምን እንደሚያይና ምን እንደሚያመልጠው የሚወስነው ይኸው ነው ባይ ነኝ።

ከሰዓቱ ልጀምር። ከነቀምቴ ጊምቢ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱ ወደ ዴዴሳ ሸለቆ ይወርድና እንደገና ይወጣል። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ቢሮ ፈርሞ፣ ነዳጅ ቀድቶ የሚነሳ ቡድን ከጊምቢ ማዶ ያለ ምሰሶ ሥር የሚደርሰው ቀትር ሲቃረብ ነው፤ 9 ሰዓት ሲሆን ደግሞ ሾፌሩ ሰዓቱን ማየት ይጀምራል። መስመሩ ግን በዚህ መሐል ሕመሙን አይናገርም። የላላ ማያያዣ የሚግለው በውስጡ በሚያልፈው ከረንት ካሬ ልክ ነው፤ ጭነቱ በግማሽ ሲቀንስ ሙቀቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። አንድ የእንጀራ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይወስዳል፤ ምጣዱ፣ ምድጃውና አምፖሉ አንድ ላይ የሚበሩት ማታ ነው። ከምሽቱ 1 እስከ 3 ሰዓት የሚግል ማያያዣ ቀትር ላይ በሙቀት ካሜራ እንኳ ከጎረቤቱ ላይለይ ይችላል። ሽቦውን ከምሰሶው የሚለየው ስኒም እንዲሁ ነው። በጋውን ሙሉ አቧራ የለበሰ ስኒ ደረቅ ሳለ ዝም ይላል። ጎህ ሲቀድ ጤዛ ሲያረጥበው፣ ወይም የበልጉ የመጀመሪያ ካፊያ ሲነካው፣ ኤሌክትሪኩ በላዩ ላይ መሾለክ ይጀምራል፤ ስኒው እንደ ንብ ቀፎ ያጉረመርማል፣ ጨለማ ከሆነም ሰማያዊ ብልጭታው በዓይን ይታያል። ያን ለመስማት ከንጋቱ 12 ሰዓት ምሰሶው ሥር መገኘት ያስፈልጋል፤ ነቀምቴ ያደረ ሰው አይደርስበትም።

ሁለተኛው ማስረጃ መሬት ውስጥ ነው። የባሕር ዛፍ ምሰሶ በኬሚካል ተነክሮ ቢተከልም ቀድሞ የሚበሰብሰው አየርና እርጥበት በሚገናኙበት ቦታ ነው፤ ከመሬት ወለል አንስቶ ክንድ እስከማይሞላ ጥልቀት። ምዕራብ ወለጋ ላይ ምስጥ ይጨመርበታል፤ ምስጥ ቤትና አዝመራ ምን እንደሚያደርግ ለመንዲና ለነጆ ገበሬ ማንም አያስተምረውም። ምስጥ ውስጡን የበላው ምሰሶ ከመኪና መስኮት ሲያዩት ቀጥ ብሎ የቆመ ጤነኛ ነው። ፈተናው ቀላል ነው፣ ጊዜ ግን ይበላል። ዙሪያውን በአካፋ ዝቅ አድርጎ መቆፈር፣ ከታች ጀምሮ በመዶሻ እየመቱ ወደ ላይ መውጣት። ጤነኛ እንጨት ጥርት ያለ ድምፅ ይመልሳል፣ መዶሻውንም ያነጥራል፤ የተቦረቦረው የታፈነ ድምፅ ይሰጣል። የተጠራጠሩትን በቀጭን መሰርሰሪያ ይበሱታል፤ ጠንካራ ፍቅፋቂ ከወጣ ቀዳዳውን ደፍኖ ማለፍ ነው፣ ጠቁሮ እንደ ዱቄት ከፈሰሰ ምሰሶው እንዲለወጥ ምልክት ይደረግበታል። ይህን ለእያንዳንዱ ምሰሶ ማድረግ መስመሩን በእግር መከተል ይጠይቃል፤ መስመሩ ደግሞ አስፋልቱን ጥሎ በቡና ማሳና በረግረግ ያቋርጣል። ደርሶ የሚመለስ ቡድን ከመንገድ የሚታየውን ይመታል፣ የማይታየውን «ደህና» ብሎ ይሞላል። ስንፍና አልለውም፤ ሰዓቱ የፈቀደለት ይህንኑ ነው።

ታዲያ ጊምቢ ወይም ነጆ አልቤርጎ ይዞ ማደር አይበቃም ወይ? በከፊል ይበቃል። ነገር ግን ውሎ አበል በአገራችን ምን እንደሆነ ሳንሸፋፍን እንነጋገር። ደመወዝ ለቤት ኪራይና ለቀለብ አልበቃ ካለ ወዲህ አበል ሁለተኛ ደመወዝ ሆኗል፤ ፈታሹ ርካሽ አልጋ ይይዝና ቀሪውን ለቤቱ ይልካል። አልወቅሰውም፤ አሜሪካዊውም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ልዩነቱ አበሉ ወዴት እንደሚገፋው ነው። አሜሪካዊው ተጎታቹን ለሥራው ባስጠጋ ቁጥር ነዳጅና ሰዓት ያተርፋል። የእኛውን አበሉ የሚስበው ርካሽ አልጋ፣ ምግብ ቤትና አጥር ያለው የመኪና ማቆሚያ ወዳለበት ከተማ ነው፤ ሦስቱ አንድ ላይ የሚገኙት ደግሞ አስፋልት ዳር ነው። ካምፕ ያደረ ሰው «አልጋ አልከፈልክም» ተብሎ አበሉ ሊቀነስበት ይችላል። ራቅ ብሎ የሚያድረውን የሚቀጣ ደንብ እያለ ማን ራቅ ብሎ ያድራል?

ተጎታች ቤት ለወለጋ ቅንጦት ነው የሚል ይኖራል። ሻወርና ሶፋ ያለው፣ ፊልም ላይ የምናየው ዓይነት ከሆነ እውነቱን ነው፤ ክረምቱ በገባ ሳምንት ጭቃ ውስጥ ተተክሎ ይቀራል። እኔ የምለው የቆርቆሮ ግድግዳ፣ ሁለት አልጋ፣ ለዴዴሳ ቆላ አጎበር፣ የውሃ በርሜልና የጋዝ ምድጃ ያለው፣ በአይሱዙ ወይም በትራክተር የሚጎተት ነው። የመንገድ ተቋራጮችና የውሃ ጉድጓድ ቆፋሪዎች ካራቫን ሲጎትቱ ኖረዋል። በ1943 ዓ.ም. የተቋቋመው የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤትም የጥገና ሠራተኞችን በየመንገዱ ዳር ካምፕ ያሰፍር ነበር፤ ናዳውን ቀድሞ የሚያየው እዚያው ያደረ ነውና። ለመንገድ የበጀ ዘዴ ለሽቦ የማይበጅበት ምክንያት አይታየኝም። ወጪውንም የሚካፈል አለ፤ መብራት ኃይል በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ከተከፈለ ወዲህ የብረት ማማው የአንዱ፣ የማከፋፈያው ምሰሶ የሌላው ነው፤ መንገዱ ግን ለሁለቱም አንድ ነው።

ከባዱ ተቃውሞ የጸጥታው ነው። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በምዕራብ፣ በቄለምና በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ የሆነውን የሚያውቅ ሰው ሜዳ ላይ ቤት አቁሙ አይልም፤ እኔም አልልም። መንገድ በተዘጋበት ወቅት ፈታሹ ከተማ ይደር፣ ካስፈለገም ጭራሽ አይውጣ። ይህ ግን ቅጹ ላይ ይጻፍ። «ደህና» እና «ጥገና ይፈልጋል» የሚሉ ሁለት ሳጥኖች ብቻ ያሉት ቅጽ «አልታየም» የሚል ሦስተኛ ያስፈልገዋል። የአሜሪካ ደንብ በንግድ ሰፈር ያለ የጋዝ ማከፋፈያ መስመር በየዓመቱ ቢያንስ አንዴ ለፍሳሽ እንዲፈተሽ፣ በሁለት ፍተሻ መካከልም ከ15 ወር እንዳይበልጥ ያዛል። እንዲህ ያለ ቀነ ገደብ ትርጉም የሚኖረው ያልታየው ያልታየ ተብሎ ሲመዘገብ ነው። ያልታየ መስመር ደህና ተብሎ ሲላክ መለዋወጫው ወደ ሌላ ይሄዳል፤ መንገዱ ሲከፈትም የቱ ቀድሞ መታየት እንዳለበት የሚያውቅ አይኖርም።

መንደር የከረመ ፈታሽ የመንደሩ ሰው ይሆናል የሚሉም አሉ። ቆጣሪ አስገባልኝ የሚለው ይበዛል፣ ሕገወጥ ቅጥያ አይቶ እንዳላየ እንዲያልፍም ይለመናል። ይሆናል፤ መላው ቡድኑን ቶሎ ቶሎ ማቀያየርና የቆጣሪ ጉዳይን ከእጁ ማውጣት ነው። ከእረኛው ጋር በአፋን ኦሮሞ የሚያወራ ሰው የሚያገኘውን ግን ሌላ ማንም አያገኘውም፤ የትኛው ምሰሶ በነፋስ እንደሚወዛወዝ፣ የትኛው ሽቦ ሌሊት እንደሚበራ የሚያውቀው ከብት ጠባቂውና የጥበቃ ዘቡ ነው። ድሮን ይተካዋል ለሚሉኝ፣ ድሮን የተሰበረ ስኒና ሽቦ የነካ ቅርንጫፍ ጥሩ አድርጎ ያሳያል፣ ይምጣ፤ መሬት ውስጥ ያለውን ብስባሽ አያይም፣ የሚያበረውም ሰው ማደሪያ ይሻል።

ሙከራው ሰላም በሆነ ወቅት ከዴዴሳ ማዶ ባለው መስመር ቢጀመር እመርጣለሁ፤ በመጋቢትና በሚያዝያ፣ ክረምቱ ሳይገባ። ሁለት ባለሙያ፣ አንድ ሾፌር፣ ሃያ ቀን መስመር ላይ፣ አሥር ቀን ከቤተሰብ ጋር፣ አበሉም አልቤርጎ ላደረ ከሚከፈለው ያላነሰ። በጀት ሰኔ 30 ይዘጋል። ግዢው ገና በመስከረም ካልተጠየቀ ካራቫኑ የሚደርሰው ሐምሌ ላይ ነው፤ በሐምሌ ደግሞ ከአስፋልት የሚያወጣው መኪና የለም።