በበጋ ሙቀት ወንዝ ሲጎድል ዓሣ ማጥመድ ይገባልን?

በአገራችን የበጋው ወራት እየገፋ ሲሄድ፣ ይልቁንም ከየካቲት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ፣ በክረምት ዳርቻቸውን ጥሰው ይፈስሱ የነበሩ ብዙ ወንዞች ይጎድላሉ። አንዳንዱ እንደ ክር ቀጥኖ ይፈስሳል፤ አንዳንዱም መፍሰሱን ጨርሶ ያቆምና በየጥልቁ ስፍራ የተጠራቀመ ውሃ ብቻ ይቀራል። በሰፊው ወንዝ ተበትኖ ይኖር የነበረው ዓሣም ወደዚህ ጥልቅ ስፍራ ተሰብስቦ ይጨናነቃል። መንጠቆ የያዘ ልጅና መረብ የያዘ ጎልማሳ ወደ ወንዝ መውረድ የሚያበዙት በዚሁ ጊዜ ነው፤ ዓሣው በአንድ ስፍራ ታጉሮ ስለሚገኝ ማጥመዱ ቀላል ነውና። ዐቢይ ጾምም በዚሁ ወራት ስለሚውል፣ በብዙ ከተሞች የዓሣ ፈላጊ የሚበዛው ወንዙ እጅግ በደከመበት ወቅት ይሆናል።

እንግዲህ በዚህ ጊዜ ከወንዝ ዓሣ ማጥመድ ይቁም ወይስ ይቀጥል? ነገሩ የዓሣ ብቻ ቢሆን ኖሮ ስለ ንጽሕና በሚናገር ጽሑፍ ላይ ባላነሣነው ነበር። ነገር ግን ዓሣው የሚኖርበት ውሃ በብዙ ስፍራ እንስራ የሚሞላበት፣ ልብስ የሚታጠብበትና ከብት የሚጠጣበት ያው አንዱ ውሃ ነው። በዓሣው ላይ የሚደርሰው ጉዳት ዞሮ በሰው ላይ መድረሱ አይቀርም።

በዚህ ጉዳይ ላይ ሁለት ዐይነት አስተያየት ይሰማል። አንደኛው ወገን ውሃው መድረቁ ካልቀረ ዓሣውም መሞቱ አይቀርምና በከንቱ ከሚበሰብስ ቢበላ ይሻላል ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ዝናብ እስኪጥል ድረስ ማንም ሰው መንጠቆ ይዞ ወደ ወንዝ አይውረድ ይላል። በሁለቱም ዘንድ እውነት አለ፤ ሆኖም አንዱም ብቻውን ለሁሉም ወንዝ አይበቃም። ምክንያቱን እንመልከት።

ዓሣ በሙቅ ውሃ ውስጥ ስለ ምን ይጨነቃል?

ዓሣ እንደ ሰው ሁሉ ኦክሲጅን ያስፈልገዋል፤ የሚያገኘው ግን በውሃ ውስጥ ከሟሟው ላይ በስንጥቦቹ እየሳበ ነው። እኛ የምንተነፍሰው አንድ ሊትር አየር በባሕር ጠለል ላይ ከ250 ሚሊግራም በላይ ኦክሲጅን አለው። አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ግን በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊይዝ የሚችለው 11 ሚሊግራም ያህል፣ በ20 ዲግሪ 9 ሚሊግራም ያህል፣ በ30 ዲግሪም 7 ሚሊግራም ተኩል ያህል ብቻ ነው። በደጋ አገር የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ መጠኑ ከዚህም ያንሳል። እንግዲህ ውሃ በሞቀ ቁጥር በውስጡ ያለው ኦክሲጅን ይቀንሳል። በአንጻሩ የዓሣው ገላ በሞቀ ቁጥር የሚያስፈልገው ኦክሲጅን ይጨምራል፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ቢጨምር ፍላጎቱ ወደ እጥፍ ይጠጋል። ገቢው ሲያንስ ወጪው የሚበዛበት ቤት እንደሚቸገር ዓሣም እንዲሁ ይቸገራል።

በመንጠቆ የተያዘ ዓሣ ለማምለጥ ሲታገል የቀረችውን ጥቂት ኃይሉን ይጨርሳል። ስለዚህ በሙቀት ጊዜ ተይዞ የተለቀቀ ዓሣ ዋኝቶ ቢሄድም ከጥቂት ሰዓት በኋላ ሊሞት ይችላል። ለጨዋታ ብሎ መያዝና መልሶ መጣል በቀዝቃዛ ውሃ ጉዳቱ ትንሽ ቢሆንም በሙቅ ውሃ ግን ከንቱ ጥፋት ነው።

ሌሎች አገሮች ምን አደረጉ?

በአሜሪካ በሞንታና ግዛት በአጠቃላይ የወንዙ ውሃ ለተከታታይ 3 ቀናት 23 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ፣ በእኛ የሰዓት አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ድረስ ዓሣ ማጥመድ ሊከለከል ይችላል፤ ጠዋት ግን ይፈቀዳል። በዚያው ግዛት በነሐሴ 2008 ዓ.ም. የሎውስቶን የሚባለው ወንዝ በጎደለና በሞቀ ጊዜ አንድ ጥገኛ ተውሳክ የተዳከመውን ዓሣ አጥቅቶ በሺህ የሚቆጠር ዓሣ ስለ ሞተ፣ 295 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነው የወንዙ ክፍል ለማጥመድም ለመዋኘትም ለጀልባም ተዘግቶ ነበር።

ይህን ደንብ ግን እንዳለ ወደ አገራችን ማምጣት አይገባም። የሞንታናው ደንብ በተለይ ቀዝቃዛ ውሃ ለሚወድደው ለትራውት የታሰበ ነው፤ በቆላ ወንዞቻችን የሚኖረው ቆሮሶ ግን ከ30 ዲግሪ በላይ የሆነ ሙቀት ይችላል። አምባዛም ከስንጥቡ ሌላ ከአየር የሚተነፍስበት አካል ስላለው ወደ ላይ ብቅ እያለ አየር ይወስዳል። ከዚህም የተነሣ በአንድ የተጠራቀመ ውሃ ውስጥ አምባዛ ብቻ እየተያዘ ሌላው ዓሣ ከጠፋ፣ ውሃው ኦክሲጅን ያጠረው ለመሆኑ ምልክት ሊሆን ይችላል።

ሌላም ልዩነት አለ። በሚፈስስ ውሃ ጠዋት ለዓሣ መልካም ጊዜ ነው። መፍሰሱን ባቆመና አልጌ አረንጓዴ ባደረገው ውሃ ግን አልጌው ቀን የሰጠውን ኦክሲጅን ሌሊት መልሶ ስለሚወስድ፣ ዓሣው እጅግ የሚጨነቀው ጎሕ ሊቀድ ሲል ነው። በእንዲህ ያለ ውሃ እንግዲህ መልካም የማጥመጃ ሰዓት የለም ማለት ይቻላል።

የዘር እህል

ውሃው መድረቁ ካልቀረ ዓሣው ይበላ ለሚሉት መልሳችን ይህ ነው። ውሃው በእርግጥ በየዓመቱ ጨርሶ የሚደርቅ ከሆነ አባባላቸው ትክክል ነው፤ ዓሣውን ወስዶ መብላት ጥፋት የለበትም። ነገር ግን በየወንዙ እስከ ክረምት የሚዘልቁ ጥልቅ ስፍራዎች አሉ፤ የአገሩ ሽማግሌዎችም ለይተው ያውቋቸዋል። በእነዚህ ውስጥ የተረፈው ዓሣ የሚመጣው ክረምት ዘር ነው። ገበሬ ቢቸገር እንኳ የዘር እህሉን አይፈጭም፤ ቢፈጨው የሚቀጥለውን ዓመት በልቶታልና። ስለዚህ የመጨረሻውን ጥልቅ ስፍራ በመረብ መጥረግ የዘር ጎተራን እንደ መጥረግ ይቆጠራል።

በበጋ ብቻ መከልከልም ለሁሉም ስፍራ መድኃኒት አይደለም። የጣና ሐይቅ ነጭ ዓሣ እንቁላሉን ለመጣል እንደ ጉማራና እንደ ርብ ወዳሉት ወንዞች የሚወጣው በክረምት ነው፤ በዚያን ጊዜ በወንዞቹ አፍ የሚዘረጋው መረብ ብዙ ጉዳት አድርሶበታል። እያንዳንዱ ውሃ የራሱ የሆነ የጭንቅ ወቅት አለው ማለት ነው።

ብርብራ

ከሁሉ የከፋው በተጠራቀመ ውሃ ላይ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ መበተን ነው። በፍሬው ውስጥ ሮቴኖን የሚባል መርዝ አለ፤ ዓሣው ኦክሲጅን ቢያገኝም እንኳ ገላው እንዳይጠቀምበት ስለሚያደርግ ታላቁም ታናሹም ባንድነት ያልቃል። የሞተው ሁሉ ተለቅሞ አያልቅም፤ የቀረው እዚያው ይበሰብስና ሰው የሚጠጣውን ውሃ ያበላሻል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅም በመርዝ ማጥመድን ይከለክላል።

ደግሞም በበጋ በወንዝ ውስጥ የሚቀረው የተጠራቀመ ውሃ የወባ ትንኝ የምትራባበት ስፍራ ነው፤ ትናንሽ ዓሦችም ዕጯን ይበላሉ። ዓሣው ካለቀ በኋላ ትንኝ በጥቂት ቀን ውስጥ ተመልሳ እንቁላሏን ትጥላለች፤ ዓሣው ግን ወንዙ እስኪሞላ አይመለስም።

የአጥማጁ ጤና

አጥማጁም ለራሱ ያስብ። የቢልሃርዝያ ተውሳክ የሚራባባቸው ቀንድ አውጣዎች ረጋ ያለ ውሃ ይወድዳሉ። ከእነርሱ የሚወጣው ተውሳክ በደቂቃዎች ውስጥ በቆዳ ሰርስሮ ይገባል፤ በብዛት የሚወጣውም ከረፋዱ እስከ እኩለ ቀን ፀሐይ ሲበረታ ነው። በዚህ ሰዓት እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ቆሞ መንጠቆ የሚጥል ልጅ ዓሣ ይዞ በሽታም ይዞ ሊመለስ ይችላል። ሰገራው ደም የቀላቀለበትና ሆዱን የሚያመው ልጅ ቢኖር ወደ ጤና ጣቢያ ይላክ፤ ፈዋሽ መድኃኒት አለውና።

የተያዘ ዓሣ በሙቀት ፈጥኖ ይበላሻል። ስለዚህ ወዲያው ተዘርግፎና በንጹሕ ውሃ ታጥቦ በጥላ ሥር ይቀመጥ፤ በዚያው ዕለትም እስከ ውስጡ ይብሰል። የሆድ ዕቃው ወደ ወንዝ አይጣል፤ ከውሃው ርቆ ይቀበር። ሞቶ የተንሳፈፈ ዓሣ ከቶ አይበላ።

ፍርዳችን

እንግዲህ በጠቅላላው እንዲህ እንላለን። ወንዙ መፍሰሱን አቁሞ እስከ ክረምት የሚዘልቅ ጥልቅ ስፍራ ብቻ በቀረ ጊዜ፣ ሌላ የሚበላ ያለው ሰው ዝናብ ጥሎ ውሃው እስኪገናኝ ድረስ ማጥመዱን ይተው። ወንዙ ቀጥኖም ቢሆን የሚፈስስ ከሆነ በማለዳ፣ በመንጠቆ፣ ለዕለት ምግብ የሚበቃውን ብቻ ይያዝ፤ ፀሐይ ሲበረታ ይቁም። ትንሽ ዓሣ ቢያዝ በረጠበ እጅ፣ ከውሃው ሳይወጣ፣ ፈጥኖ ይለቀቅ። መርዝ በማናቸውም ጊዜ የተከለከለ ነው። በዚያ ውሃ ዳር ከዓሣ በቀር ሌላ የሚበላው የሌለው ድኻ ግን በቅድሚያ የሚወቀስ አይደለም፤ ጠግቦ እያለ ለጨዋታ ወይም ለትርፍ ውሃውን የሚጠርገው ይወቀስ።

ለመምህራን አንድ ተግባር እንተዋለን። ተማሪዎቻችሁን ከወንዙ ዳር አቁሙና በአንድ ቴርሞሜትር የውሃውን ሙቀት ከጠዋቱ 1 ሰዓትና ከቀኑ 9 ሰዓት ለአንድ ሳምንት ያስመዝግቡ። ውሃው ይፈስስ እንደ ሆነ፣ አረንጓዴ እንደ ሆነ፣ ዓሣው ወደ ላይ ወጥቶ አየር ይፈልግ እንደ ሆነም ይጻፍ። ልጁ የወንዙን ጭንቀት በገዛ እጁ ከመዘገበ በኋላ መንጠቆውን መቼ እንደሚያነሣና መቼ እንደሚሰቅል ማንም ሳያስገድደው ያውቃል።