ድምፅ በኢንተርኔት ሲጓዝ፦ ለንግድ ድርጅቶች ምን ይጠቅማል?

በነባሩ የስልክ አሠራር ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ አንድ መስመር ለእነርሱ ብቻ ይያዛል፤ ዝም ቢሉም እንኳ አይለቀቅም። በኢንተርኔት ስልክ ግን ድምፅ ወደ ቁጥር ተለውጦ፣ በትናንሽ ጥቅሎች ተከፋፍሎ፣ ከሌላው መረጃ ጋር መንገድ ተጋርቶ ይጓዛል።

ጥቅሙን በስሌት እንመልከት። የስልክ ድምፅ በሴኮንድ 8,000 ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዱ ልኬት 8 ቢት ስለሚይዝ በሴኮንድ 64,000 ቢት ይሆናል። ጂ.729 የተባለው የማመቂያ ዘዴ ይህንን ወደ 8,000 ያወርደዋል። የጥቅሎቹ አድራሻ ሲታከልበት 24,000 ገደማ ይደርሳል። እንግዲህ ቀድሞ አንድ ንግግር የሚይዘው አቅም አሁን ሁለት ንግግሮችን ይሸከማል ማለት ነው። ቅርንጫፎቹን በኢንተርኔት ያገናኘ ድርጅትም ለእርስ በርስ ጥሪ በደቂቃ የሚታሰብ ሒሳብ አይከፍልም።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር መዘንጋት የለብንም። ነባሩ ባለሽቦ ስልክ ኃይሉን የሚያገኘው ከስልክ ማዕከሉ ባትሪዎች በዚያው ሽቦ በኩል ነው። የኢንተርኔት ስልክ ግን የቢሮውን ኤሌክትሪክ ይጠብቃል። መብራት በጠፋበት ሰዓት የሚደውለውን ደንበኛ ማን ይመልስለታል? ስለዚህ የሚገኘውን ቁጠባ ስናሰላ የመጠባበቂያ ባትሪውን ዋጋ አስቀድመን እንቀንስ።