ያውቁ ኖሯል? ቆሽት የሚያሳርረው ጥሬ ቦሎቄ

የአዳማ አጎራባች የሆነው የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል እንደ «አዋሽ 1» ያሉ የቦሎቄ ዝርያዎችን አውጥቷል። ይህ የስምጥ ሸለቆ ጥራጥሬ ጥሬውን ሳለ፣ ፕሮቲን የሚፈጭልንን ትራይፕሲን የተባለ የቆሽት ኢንዛይም አንቆ የሚይዝ ንጥረ ነገር አለው። አኩሪ አተርም እንዲሁ።

ኢንዛይሙ ሲታሰር ቆሽት የሚያርፍ ይመስላል። የሚሆነው ግን ተቃራኒው ነው! በትንሹ አንጀት ውስጥ ነፃ ትራይፕሲን ሲያንስ፣ አንጀት ኮሌሲስቶካይኒን የተባለ ሆርሞን ወደ ደም ይለቃል፤ ቆሽትም «ገና አልበቃም» የተባለ ይመስል ማመንጨቱን ይቀጥላል። ጥሬ አኩሪ አተር የበሉ ጫጩቶች ቆሽታቸው ገዝፎ እነሱ የሚቀጭጩት ለዚህ ነው። የቢሾፍቱ ዶሮ አርቢዎች ይህን ሳያውቁት አይቀሩም።

የቆሽት ኢንዛይሞችን የሚያግዱ መድኃኒቶችም አሉ። ጃፓን ውስጥ ሥር ለሰደደ የቆሽት ብግነት የሚታዘዘው ካሞስታት ትራይፕሲንን ያግዳል፤ አይጦች ላይ ሲሞከር ግን ቆሽታቸውን አግዝፏል። ለውፍረት የሚሰጠው ኦርሊስታት ደግሞ ስብ ፈጪውን ኢንዛይም ስለሚይዝ፣ ከተበላው ስብ 30 በመቶ ያህሉ ሳይፈጭ ይወጣል።

የቦሎቄው መፍትሔ እሳት ነው፦ አሳድረው ይዘፍዝፉ፣ ውሃውን ይድፉ፣ በአዲስ ውሃ በደንብ አንተክትከው ይቀቅሉ።